በዓባይ ዳር የእንጨት ቅርጾች መንገድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ባሕር ዳርን አቋርጦ በሚያልፍበት ዳርቻ፣ እግረኛ እየተራመደ የአካባቢውን ታሪክና የዱር ሕይወት የሚያይባቸውን የእንጨት ቅርጾች ለማቆም የጀመርነው ሥራ በዚህ ወር ከወረቀት ወደ ግንድ ተሸጋግሯል። «እኛ» ስል እኔ ቀራፂው፣ ሁለት አናጢዎች፣ አንድ ብረት በያጅና ከሰፈሩ ለመማር የመጡ ወጣቶች ማለቴ ነው። የትኛው እንጨት ለምን እንደተመረጠ፣ ምን በምን እንደተሠራና እንዴት እንደተተከለ በየወሩ እመዘግባለሁ፤ በሌላ ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስብ ባለሙያ መነሻ እንዲሆነው።

የመጀመሪያው ውይይት የምን ቅርጽ ይቁም የሚል ነበር። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ጉማሬን ነው፣ ቀጥሎም ንስርንና ፔሊካንን። ሁሉም ቦታ አላቸው። እኔ ግን ትልቁ ግንድ ለዓሣ ይሰጥ ብዬ ተከራከርሁ። ጉማሬውም ወፉም ከዳር ሆኖ ይታያል፤ የጣና ዓሣ ግን ከሐይቁ ሀብት ሁሉ እጅግ ብርቅ የሆነው ሆኖ ሳለ፣ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ካልሆነ በቀር አይታይም። በተመራማሪዎች ዘንድ ላቢዮባርበስ የሚባለው፣ ዓሣ አጥማጁ ባብዛኛው ነጭ ዓሣ እያለ የሚጠራው ወገን በጣና ውስጥ ወደ 15 ዝርያዎች ተለይተው ተመዝግበውለታል፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው፣ ከ40 ሜትር የማያንሰው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ስለማያሳልፍ፣ የላይኞቹ ለብቻቸው ተዘግተው ኖሩ፤ ከዚያም እንደየምግባቸው አፋቸውና አካላቸው ተለያየ። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ይህ በዓሣ አጥኚዎች ዘንድ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ምክንያቱም የእነዚህ ዓሦች ወገን በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ወንዝ ውስጥ ያለው ከተማ ለልጆቹ ማሳየት አለበት። ክርክሩ ረጅም ቢሆንም ሐሳቡ ጸድቋል።

ስለ እንጨቱም ተስማምተናል። ለዚህ ሥራ ከቆመ ዛፍ አንድም አይቆረጥም። ዋንዛ፣ ጽድና ዝግባ በሕግ የሚጠበቁ የአገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ የዱር ሕይወትን ለማክበር ዱርን መቁረጥ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ነፋስ የጣለውን ዋንዛ ከገበሬው በፈቃድ ገዝተናል፤ ለምሰሶዎቹ ደግሞ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጡ የጽድ ቋሚዎችን አግኝተናል። አሮጌ ጽድ ማግኘት ዕድል ነው። ቀዩ ልቡን ምስጥ እምብዛም አይደፍረውም፤ ለዓመታት ጣራ ሥር ስለቆመም አስቀድሞ ደርቋል።

ኅዳር

ዋንዛው ደርሷል። ግንዱ በወፍራም ጫፉ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ውጨኛው ክፍል ነጣ ያለ፣ ውስጡ ወደ ቡና ቀለም የሚያደላ ነው። ዋንዛን የመረጥሁት ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅም ብዙ የማይወለግድ እንጨት በመሆኑ ነው። ከበሮ የሚሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሚጠርቡ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ የሚመርጡትም ስለዚሁ ነው።

ችግሩ እርጥበቱ ነው። በአናጢዎች ዘንድ በተለመደው ግምት አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ግንድ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቅ ቢባል ሥራው በእኛ ዕድሜ ላይጀመር ይችላል። እርጥብ ግንድ ደግሞ የውጭው አካል ቶሎ ደርቆ ሲጨማደድ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ከዳር ወደ መሐል ይሰነጠቃል። መፍትሔው ግንዱን በጀርባው በኩል ቦርቡሮ እምብርቱን ማውጣት ነው። ቅርጹ ከፊት ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ከኋላ ግን ገንዳ ይሆናል፤ ግድግዳው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚቀር እርጥበቱ ከሁለቱም ወገን ይወጣል። ሁለቱንም ጫፎች የቀለጠ ሰም ቀብተናቸዋል፤ እንጨት ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል እጅግ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ግንዱ አሁን በጥላ ሥር፣ በባሕር ዛፍ መደገፊያዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ታኅሣሥ

ይህን ወር በአብዛኛው ያሳለፍሁት ከመሮ ጋር ሳይሆን ከታንኳ ሠሪ አባት ጋር ነው። የመንገዱ ሁለተኛ ቅርጽ ታንኳ ነው። የጣና ታንኳ ደግሞ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እጅ ተለይቶ አይታይም፤ ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ የሚያደርጉት፣ በቀድሞው ዘመንም በዚያው ታንኳ ጉማሬ የሚያድኑት እነርሱ ነበሩ። የከተማዋ ታሪክ ሲነገር ግን ስማቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዚህ መንገድ ላይ እንዲዘለል አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ንድፉን ከመጨረሴ በፊት ይዤው ወደ እርሳቸው ሄድሁ።

አባት ንድፉን አይተው «ልጄ፣ ይህ ታንኳ ሰው አይጭንም» አሉኝና ለምን እንደሆነ በእጃቸው አሳዩኝ። የደረቀ ደንገል አንድ እቅፍ አንሥተው ወፍራሙን ጫፍ ከቀጭኑ ጋር እያፈራረቁ ደረደሩት፣ ከዚያም በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን ሁለት ጊዜ ዞሩበት። ሲስቡት ደንገሉ እየተንሿሿ ጠበበ፤ ማሰሪያው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ወገብ ተፈጠረ፣ በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ያለው ደግሞ አበጠ። «አየህ? ውኃ የሚይዘው ይኼ ነው። ካላበጠ አልታሰረም ማለት ነው።» የታንኳው አፍንጫም ወደ ላይ የሚነሣው ተቆርጦ ሳይሆን በገመድ ወደ ኋላ ተስቦ ነው። የእንጨቱ ታንኳ ይህን እብጠትና ይህን ውጥረት ካላሳየ ተራ ጀልባ ሆኖ ይቀራል። እዚያው ተቀምጬ ማሰሪያውን በልዩ ልዩ ወገን ሣልሁት፤ አባትም እያንዳንዱን እያዩ «ይሁን» እስኪሉ ድረስ አልተነሣሁም።

በዚህ ሙያ ላይ ለማስታወሻ ሰሌዳው አንድ ነገር መርጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ፣ «ራ» ለተባለችው መርከቡ የሚሆነው ደንገል የተጫነው ከጣና ነበር። ደንገላችን ውቅያኖስ ላይ እንደወጣ ከከተማችን ልጆች ስንቱ ያውቃል? ዛሬ ግን ዳርቻው እየታረሰና እየተመነጠረ ደንገሉ ራሱ እየራቀ ሄዷል። አባትም የሚያዝኑት በዚህ ነው፤ በፊት ከደጃቸው የሚያጭዱትን አሁን ርቀው ሄደው ነው የሚያመጡት።

ጥር

ዓሣው ተጀምሯል። መጀመሪያ በሞተር መጋዝ ዋናውን ቅርጽ አወጣን፤ ከዚያ በኋላ መጋዙ ወደ ጎን ተቀምጦ ሥራው የመጥረቢያና የመሮ ሆኗል። በአንድ ግንድ ላይ 4 ዓሦች ተደራርበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁሉም ወደ ላይ የሚያመሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ገባር ወንዞች፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ስለሚጠብቃቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። የሚወጣ ዓሣ መቅረጽ የፈለግሁት ሕይወታቸው በሙሉ የሚንጠለጠለው በዚህች ጉዞ ላይ ስለሆነ ነው።

አራቱን የመረጥኋቸው በአፋቸው ነው። አንዱ አፉ ሰፊና ወደ ፊት የተከፈተ አዳኝ ነው። ሁለተኛው አፍንጫው ሹል ነው። ሦስተኛው ዓይኑ ከሌሎቹ ይበልጥ ትልቅ ነው። አራተኛው፣ ነድጂያ የሚባለው፣ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ በዚያ ከንፈር በድንጋይ መካከል የተደበቁ የነፍሳት እጮችን እየፈለገ ይበላል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ጣና መጥቶ ከእነዚህ ዓሦች የተወሰኑትን ለሳይንስ ካስተዋወቀ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጎባቸዋል፤ በከተማው አደባባይ ግን እስካሁን ቦታ አላገኙም።

የነድጂያ ከንፈር ከሥራው ሁሉ ጊዜ የወሰደ ነው። ከንፈሩ ክብ ስለሆነ መሮው አንድ ዙር ሲያደርግ በግማሹ ከእንጨቱ ጅማት ጋር፣ በግማሹ ደግሞ በጅማቱ ላይ ተቃርኖ ይሄዳል። ተቃርኖ የሄደ መሮ እንጨቱን አይቆርጠውም፣ ይቦጭቀዋል። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እስከ መሐል ወረድሁ፤ ከዚያም አቋቋሜን ለውጬ ከሌላው ወገን ወደዚያው መሐል መጣሁ። ሁለቱ ቁርጦች የሚገናኙበት ቦታ የአፉ ማዕዘን ላይ እንዲወድቅ ስላደረግሁት መጋጠሚያው እንደ ተፈጥሮ እጥፋት ይታያል። ክብ አፉ መሮ በየጥቂቱ ካልተሳለ በቀር ይህን ሥራ አይሠራም። ከጎኔ የቆመውን ወጣት መሮ መሳልን ብቻ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ፤ ቅር ብሎት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለእጁ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ቅርፊታቸውን አንድ በአንድ አልቀረጽሁም። ቅርፊት በጥልቀት የተቀረጸ ቅርጽ በየጉድጓዱ ውኃና አቧራ ይይዛል፤ ውኃ የቆመበት እንጨት ደግሞ ከዚያው ይበሰብሳል። በመላው ሥራ የምንከተለው ደንብ ይህ ነው፤ የትኛውም ገጽ ወደ ላይ ሳህን ሆኖ አይቀርም፣ ዝናቡ ሁሉ ወርዶ የሚሄድበት መንገድ አለው።

የካቲት

የጉማሬው ራስ ተጠናቋል። በፎቶግራፍና በማስታወቂያ ሁልጊዜ የምናየው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያወጣ ጉማሬ ነው። ዓባይ ዳር የሚኖር ሰው የሚያውቀው ጉማሬ ግን ሌላ ነው፤ ከውኃው በላይ ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ በአንድ መስመር ተሰልፈው የሚታዩት፣ ሌላው አካሉ የተደበቀ ነው። ስለዚህ ከሰፊ ጉቶ የላይኛውን ብቻ ቀረጽሁት፤ መሬቱ እንደ ውኃው ገጽ ሆኖለታል። ልጆች እንደሚቀመጡበት ስለማውቅ የጆሮዎቹን ጫፍ ወፍራምና ድቡልቡል አድርጌዋለሁ።

ቦታ ስንመርጥ ግን የሕያው ጉማሬ ጉዳይ ቀደመ። ጉማሬ ማታ ማታ ከውኃ ወጥቶ 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል፤ የሚወጣውና የሚመለሰውም በአንድ በለመደው መተላለፊያ ነው። በዚያ መተላለፊያ ላይ ምሰሶ መትከል እንስሳውን ወደ ሰው መንገድ ማዞር ስለሆነ አደገኛ ነው። ዳርቻውን ከሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ጋር እየተራመድን የተረገጠውን መሬትና የተጎነበሰውን ሣር እያየን መውጫዎቹን ለየን፤ ሦስቱን የመቆሚያ ቦታዎች ከመጀመሪያው ንድፍ አንሥተን ወደ ከተማው ወገን አስጠግተናቸዋል። መንገዱም ሲመሽ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርበናል።

ንስሩ በጽድ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዓሣ አዳኙ ንስር ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ሆዱ የደረቀ ደም የሚመስል ቡናማ ነው። እኛ ቀለም አልቀባነውም፤ ነጩን የሰጠነው በጽዱ ፈዛዛ የውጭ ክፍል፣ ቡናማውን በቀዩ ልቡ ነው። አንድ ምሰሶ ሁለቱንም ቀለም ይዞ ሲገኝ ሌላ ቀለም መፈለግ አያስፈልግም። የውጨኛው ክፍል ከልቡ ይልቅ ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የወፉ ራስ 10 ዓመት ሳይሞላው ሊቀየር እንዲችል በካቪያ፣ ማለትም በእንጨት ችንካር፣ ተሰክቶ እንጂ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ አልተሠራም። ትልቁ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ አርጃኖው፣ ከእነርሱ ያነሰ ሥራ ነበር፤ በአንድ የተጋደመ ግንድ ላይ ሽቅብ ሲሳብ ይታያል።

መጋቢት

መሠረት። ጎብኚ የማያየው፣ ግን ዕድሜውን የሚወስነው ሥራ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብን። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ አልቆ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራውና በ2001 በሮች የተጨመሩለት የጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ብዙው ውኃ በጣና በለስ በኩል ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ፣ በበጋ በከተማው የሚያልፈው ዓባይ ከድሮው ያነሰ ነው። ይህ ግን ሊያታልል አይገባም፤ ሐይቁ ሲሞላ በሮቹ ይከፈታሉና። በዳርቻው ባሉ ሾላዎች ግንድ ላይ ጎርፍ ያስቀረውን ጭቃና ውዳቂ እየለካን ሄድን፤ ከዚያ ምልክት በላይ ግማሽ ሜትር ጨምረን የሁሉንም መቆሚያ ወሰንን።

እንጨት መሬት አይነካም። ለእያንዳንዱ ምሰሶ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከሥሩ ጠጠር ተደርጎ፣ ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ተሞልቷል፤ በላዩ በያጁ የሠራው የብረት ጫማ ቆሞ እንጨቱ በሁለት ወፍራም ቡሎን ተይዟል። በእንጨቱ ግርጌና በኮንክሪቱ መካከል የ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ አየር እንዲያልፍና ምስጥ ሳይታይ እንዳይወጣ ነው። ምስጥ በብርሃን አይሄድም፤ በብረቱ ላይ የጭቃ መሿለኪያውን ሠርቶ መውጣት ስለሚኖርበት ወዲያው ይታያል፣ ይጠረጋል። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸውና ለታላላቆቻቸው የሚያቆሙት ዋካ የተባለው የእንጨት ሐውልት የሚተከለው መሬት ውስጥ ነው፤ እዚያ ግን አገሩ ደረቅ ነው። የባሕር ዳር ክረምት ይህን አይፈቅድም።

ሚያዝያ

ስለ ቅባት ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተነጋግረናል። አገር የለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ምስጥም ይጠላዋል። በወንዝ ዳር ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ የሚያወርደው እዚያው ዓሣው ወዳለበት ውኃ ነው። ቫርኒሽም አልወደድሁም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቅና በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። የመረጥነው የተልባ ዘይትና ንጹሕ የማር ሰም ነው። የመጀመሪያው ቅብ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ይቀጥናል፤ ተከታዮቹ ወፍራም ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። የዘይት ጨርቆቹን ማታ ማታ ሽቦ ላይ እናሰጣቸዋለን። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ቀን ይቃጠላል።

የታሪክ ቅርጾቹ ሁለት ናቸው። ከታንኳው ቀጥሎ ያለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴት ናት። ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረ ነው፤ የዛሬዋን ከተማ ካቆሙት ነገሮች አንዱም እርሱ ነው። ክር የምትቀጥል እጅ መቅረጽ ከንስር ክንፍ ይከብዳል፤ ጣቶቿን ለየብቻ ላቁም ብዬ ብፈቅድ በአንድ ክረምት ይሰበራሉ፣ ስለዚህ ክሩን በያዘችው መዳፍ ላይ ተጠግተው እንዲያርፉ አድርጌአለሁ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራውን የአላታ ድልድይም ብዙዎች ጠይቀውን ነበር፤ አልተቀበልሁትም። ድልድዩ አሁንም ቆሞ በራሱ ድንጋይ ይናገራል፤ ድንጋይን በእንጨት መምሰል ሁለቱንም ማሳነስ ነው።

ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው። ፊደሉን በቁሙ የሚታይ እንዲሆን 4 ሴንቲ ሜትር አድርገን በመሮ ቀርጸነዋል፤ ወደ ጅማቱ ተቃርኖ የሚዞሩ ክብ መስመሮች ላይ፣ በተለይ በ«ዓ» እና በ«ጣ»፣ ጠርዙ እንዳይቦጨቅ በቀጭን ቢላ አስቀድመን ድንበሩን አስምረናል።

ግንቦት

ዓሦቹ ቆመዋል። ግንዱን ለማንሣት ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ በገመድና በባሕር ዛፍ ሦስት እግር ተረድተን ወደ ብረት ጫማው አስገብተነዋል። ታንኳ ሠሪው አባትም መጥተው የእንጨቱን ታንኳ በእጃቸው እየዳሰሱ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አፍንጫው ላይ ያለውን አንዱን ግን ጠበቅ እንዲል ስላሉ እዚያው በመሮ ወገቡን ዝቅ አድርጌዋለሁ።

በዓሣው ግንድ ጀርባ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ታይቷል፤ በተቦረቦረው በኩል ስለሆነ የሚያሳስብ አይደለም። ዋንዛው ገና እየደረቀ ስለሆነ በሰም እንጂ በእንጨት ሽብልቅ አልሞላሁትም፤ በመስከረም ተለክቶ ካልሰፋ ያኔ በዚያው በዋንዛ ይደፈናል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የሁሉም ቅርጾች አናት ሦስተኛውን ቅብ ያገኛል። በክረምቱ ወራት ሁለቱ ወጣቶች በየሳምንቱ እየዞሩ በብረት ጫማዎቹ ላይ የምስጥ ጭቃ መኖሩን ይፈትሻሉ፤ የቡሎን ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽና የዘይት ጣሳ ከመግቢያው አጠገብ ባለው የጥበቃ ቤት ተቀምጦላቸዋል። ቀሪው ሥራ የፔሊካኑ ነው፤ ለእርሱ የሚሆን ሰፊ ጉቶ እስካሁን አልተገኘም፣ ነፋስ የጣለው ዋንዛ ወይም ሾላ ያለው ገበሬ ሲገኝ ይቀጥላል።